«መጠጥ አለበት ብዬ ልናገር?»

ሰሞኑን ጣቶቼ ቸኮሌት ቸኮሌት እየሸተቱ ከርመዋል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አንዲት የ24 ዓመት አንባቢያችን ደብዳቤ ልካልኛለች። ስሟን አልጠራም። በሚመጣው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ዘንድ ልትሄድ ነው። ባዶ እጇን መሄድ አልፈለገችም። ኬክ ገዝቶ መሄድ ደግሞ የሰነፍ መሰላት። ቤቷ ኦቭን የለም። ስለዚህ ጓደኛዋ ቤት የቀመሰችውን ነገር ልትሠራላቸው አሰበች፤ ኦቾሎኒው መጠጥ ውስጥ ያድርና ከብስኩትና ከካካዎ ጋር ተለውሶ፣ ተድቦልቡሎ፣ በላዩ ቸኮሌት የሚለብሰውን። «አሠራሩን ንገሪኝ» ትላለች። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ ግን ፊደሏን አሳንሳ እንዲህ የምትል ነገር ጣል አድርጋለች፦ «የእጮኛዬ ታላቅ ወንድም መጠጥ ካቆመ ዓመት አልፎታል። እናትየውም መጠጥ የሚባል ነገር አይወዱም። ግን እኮ የምትገባው ትንሽ ናት። ሳልናገር ባቀርበውስ?»

እህቴ፣ አይሆንም! ቶሎ መለስኩልሽ አይደል? ለምን እንዲህ እንደቸኮልኩ ልንገርሽ።

የዛሬ አራት ዓመት ታናሽ እህቴ የተመረቀች ዕለት ይህንኑ ከረሜላ ስድሳ ፍሬ ሠርቼ ነበር። በሩም። ከሱቅ የተገዛ እስኪመስል ድረስ አምሮልኝ ትሪውን ይዤ ስዞር ሙሽራዋ እኔ እንጂ ተመራቂዋ እህቴ አትመስልም ነበር። ከእንግዶቹ መሀል አንድ አብሮ አደጌ አለ። መጠጥ ያቆመው ብዙ ነገር ካጣ በኋላ ነው፤ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ታዲያ ምን ሆኜ እንደሆነ እንጃ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል «እስቲ በእናትህ ይቺን» ብዬ በገዛ እጄ አጎረስኩት።

ጉርሻ ደግሞ እንዴት እምቢ ይባላል? ሁለት ጊዜ አላመጠና ቆመ። ዓይኑን ነቅሎ አየኝ። ሰው ፊት አይተፋ ነገር… ዋጠው። «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ዞር ስል የለም። እኔ ቂሏ ጣፋጭ አይወድ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ። «ያን ለት ማታ ከእናንተ ቤት እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት» አለኝ። ለምን ስለው፣ «ታክሲ መያዣው ጋ ግሮሰሪ አለ። ያን ግሮሰሪ ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ» አለ። እኔም እንዳንቺው «ትንሽ እኮ ናት» አልኩ። «መጠኗን ተይው፤ አፌ ጣዕሙን ያውቀዋል። ብትነግሪኝ ኖሮ መብላቱም መተዉም የኔ ፋንታ ነበር» አለኝ። ምን እመልሳለሁ? ቡና አፈላሁለት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንባቢዬ ሙያውንም ጠይቃኛለችና አልነፍጋትም። ነገሩ በእውነት ግሩም ነው። ኦቭን አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም በከሰል ይሠራል።

የሚያስፈልገው ለ30 ፍሬ ይህ ነው፦ 150 ግራም ኦቾሎኒ፣ 250 ግራም ደረቅ ብስኩት፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 60 ሚሊ ሊትር መጠጥ፣ ለመሸፈኛ ደግሞ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት።

ኦቾሎኒው ላይ አትቸኩሉ። ጥሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ቁሉት። የባቢሌን ኦቾሎኒ ካገኛችሁማ ምን ቀራችሁ! ከመቁላታችሁ በፊት ግን ዘርግታችሁ ልቀሙት። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ የነካው ይጣል። ስትቀምሱት የሚመርም እንደዚያው። «እሳት ያጠፋዋል» የሚሉ አሉ። አያጠፋውም! ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይወገድም። የተረፈውን በለስላሳ እሳት እያማሰላችሁ እንደ ቆሎ ቁሉት። ሽታው ቤቱን ሲሞላውና ገለባው ሲሰነጣጠቅ አውጡት። ሲበርድ በመዳፋችሁ አሽታችሁ ገለባውን እፍ በሉት። ከዚያ በሙቀጫ ሸክሸክ ማድረግ ነው፤ ክክ ያህል እንጂ ዱቄት እንዳይሆን። ጥርስ የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት። ግማሽ ግማሽ የሆኑ 30 ፍሬዎች ግን ሳይሸከሸኩ ለይታችሁ አስቀምጡ። ለምን እንደሆነ ኋላ ታያላችሁ።

የተሸከሸከውን ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ጨምራችሁ መጠጡን አፍስሱበትና ይደር። ሩም፣ ኮኛክ ወይም ዊስኪ ይሆናል። ኡዞ አልመክርም፤ ሽታው ካካዎውን ይውጠዋል። የቤት አረቄ የሚል ጓደኛ አለኝ፤ እኔ አልስማማም። የፋብሪካው ጠርሙስ ላይ 40 በመቶ ከተባለ ከሞላ ጎደል 40 ነው። የቤቱ ግን እንደ አውጪዋ እጅ ይለያያል፤ ስንት እንደሆነ ሳላውቅ ሰው ማጉረስ ይብቃኝ።

በማግስቱ ብስኩቱን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ጠርሙስ እያንከባለላችሁ አድቁት። ካካዎውንና ስኳሩን ጨምሩ። ኦቾሎኒውን ከነተረፈው መጠጥ፣ ከዚያ ማሩን ጨምራችሁ በእጅ ለውሱት። አልያዝ ካለ ማር ጨምሩ፤ መጠጥ ጨምሮ ማያያዝ ግን ሊጡን ያላቁጠዋል፣ ሒሳቡንም ያበላሻል። ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ ከፒንግ ፖንግ ኳስ ትንሽ አነስ አድርጋችሁ አድቦልቡሉና አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ፍሪጅ የሌላችሁ አትጨነቁ፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ራሱ ፍሪጅ አይደል? ሸፍናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት።

የሚያስለቅሰው ቸኮሌቱ ነው። እኔ መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ «ሽፋኑም ይሽተት» ብዬ የቀለጠው ቸኮሌት ላይ አንድ ማንኪያ ኮኛክ ጠብ አደረግሁ። በዓይኔ ፊት ተኮማትሮ ያረጀ ገንፎ መሰለ! ቸኮሌት ሲቀልጥ ጥቂት እርጥበት ጠላቱ ነው፤ የካካዎውና የስኳሩ ብናኝ ውኃውን ሲያገኝ ይጣበቃል። መጠጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ አትጣሉት፤ ሙቅ ወተት እየጨመራችሁ ብታማስሉት ይላላና የሚጠጣ ቸኮሌት ይሆናል። ለመሸፈኛ ግን ከእንግዲህ አይሆንም።

ደህናው መንገድ ይኼ ነው። ቸኮሌቱን ክትፍትፍ አድርጋችሁ ሲሶውን ወደ ጎን አስቀሩ። በትንሽ ድስት ውኃ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ። በላዩ ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ግጠሙ፤ የሳህኑ ቂጥ ውኃውን አይንካው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃችን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ይህም ለቸኮሌት እጅግ ብዙ ነው። እሱ ከ30 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል፤ አፋችን ውስጥ የሚሟሟውም ለዚሁ ነው። ከ50 ካለፈ መበላሸት ይመጣል። ቀስ እያላችሁ አማስሉት። ሲቀልጥ ሳህኑን አውርዳችሁ ከታች ያለውን እንፋሎት በፎጣ አድርቁና ያስቀራችሁትን ሲሶ ጨምሩበት። እሱን እያቀለጠ ይበርዳል፤ ሲደርቅም የሚያብለጨልጭና ቀጭ የሚል ሽፋን ይሰጣችኋል። ቴርሞሜትር የለንም ካላችሁ ጠብታ ከታችኛው ከንፈራችሁ ላይ አድርጉ። ቀዝቀዝ ካለ ደርሷል።

በሹካ አንድ አንዱን እየነከራችሁ፣ ትርፉን እያንጠባጠባችሁ፣ የኬክ ወረቀት ላይ ደርድሩ። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይድረቅ። የዛኑ ዕለት ጥሩ ነው፤ በሁለተኛው ቀን መጠጡ ብስኩቱ ውስጥ ስለሚሰርግ የበለጠ ይጥማል። ክዳን ባለው ዕቃ አንድ ሳምንት ያለ ሐሳብ ይቆያል፣ ቤታችሁ ሌባ ከሌለ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። «ትንሽ ናት» ያልሽው እውነት ነው። እኔም ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 60 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ የሆነ መጠጥ ለ30 ሲካፈል ለአንዱ ፍሬ አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ የማይሞላ አልኮል ይደርሰዋል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል ለማግኘት ሃያ ያህሉን መብላት ያስፈልጋል። ሃያ የሚበላ ሰው ደግሞ ከመጠጡ በፊት ስኳሩ ያሳስበዋል። ነገር ግን ይኼ ከረሜላ አይበስልም። ያስገባሽው ሁሉ እዚያው ነው። «ሲበስል ይተናል» የሚባለው ራሱ ግማሽ እውነት ነው፤ ምግብ ላይ መጠጥ አፍስሰው እሳት ሲያነዱበት እንኳ ሦስት አራተኛው ገደማ ይቀራል።

ለጤነኛ ጎልማሳ ይኼ ምንም አይደለም። ለሁሉም ግን አይደለም። መጠጥ ለማቆም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ዳይሰልፊራም ነው። እሱን የሚወስድ ሰው ምግብ ውስጥ ካለች ጥቂት አልኮል እንኳ ፊቱ ሊቀላ፣ ልቡ ሊመታ፣ ሊያስመልሰው ይችላል። የእጮኛሽ ወንድም ይውሰድ አይውሰድ በምን ታውቂያለሽ? ለአሜባ የምንወስደው ፍላጂል ማሸጊያ ላይም ከአልኮል ራቁ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ነፍሰ ጡር አለች፣ ሕፃን አለ፣ በሃይማኖቱ የማይቀምስ ጎረቤት አለ። ኦቾሎኒ ራሱ የማይስማማው ሰው አለ፤ ይህንንም መጠየቅ ነው።

ደግሞስ መደበቁ ከየት መጣ? አሜሪካ ውስጥ፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ፍራንክፈርት በምትባል ከተማ፣ ሩት ሃንሊ እና ርብቃ ጉች የተባሉ ሁለት አስተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1919 የከረሜላ ሥራ ጀመሩ። እዚያ ግዛት ቡርቦን የሚባለው የበቆሎ ዊስኪ እንደኛ ጠጅ የአገር ኩራት ነው። በ1936 ከተማዋ 150ኛ ዓመቷን ስታከብር አንዲት እንግዳ፣ በዓለም ላይ ሁለቱ ምርጥ ጣዕሞች አንድ ጉንጭ ቡርቦንና የሩት ከረሜላ ናቸው ብላ ተናገረች። ሩት ሁለቱን በአንድ ለማድረግ ሁለት ዓመት ያህል ስትሞክር ቆይታ ተሳካላት። ቡርቦኑን ከከረሜላው ጋር አዋሕዳ፣ በላዩ ጥቁር ቸኮሌት አለበሰችው። ስሙን ምን አሉት መሰለሽ? «የቡርቦን ኳስ»! መጠጡ ስሙ ላይ ተጽፏል። የማይፈልግ ከስሙ ሰምቶ ያልፋል።

ስለዚህ ልጄ፣ እንዲህ አድርጊ። ሊጡን ለሁለት ክፈይ። ኦቾሎኒውንም ከመጀመሪያው በሁለት ብርጭቆ ዘፍዝፊው። አንዱ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ሩም፣ ሌላው ላይ 30 ሚሊ ሊትር ጠበቅ ያለ የቀዘቀዘ ቡና። አትሳቂ! ቡናና ቸኮሌት የሚዋደዱትን ያህል ሩምና ቸኮሌት አይዋደዱም፤ እኔ አሁን አሁን የማበዛው የቡናውን ነው። ብስኩቱ ውስጥ ወተት ሊኖር ስለሚችል ጾም ከሆነ ጀርባውን አንብቢ። ሽፋኑ ሳይደርቅ ከለየናቸው ግማሽ ኦቾሎኒዎች አንዳንድ እያነሳሽ መጠጥ ያለባቸው ላይ ብቻ ለጥፊ፤ ግማሹ ይተርፍሻልና ብዪው። የቡናዎቹ ላይ ምንም የለም። በአንድ ትሪ እንዳታቀላቅያቸው፤ በሁለት ሳህን፣ በሁለት ፌስታል።

እዚያ ስትደርሺ የቡናውን ለእናትየው ራስሽ አቅርቢላቸው። የሩሙን ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥሽ በፊት ለእጮኛሽ ስጪውና ቤቱን እሱ ይወቅበት፤ ይውጣ አይውጣ ቤተሰቡን የሚያውቀው እሱ ነው። ከወጣ «ይኼኛው ሩም አለበት» በይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ወንድሙን ለይተሽ ሳታዪ። ሰው ፊት «ለአንተ ይኼኛው» ማለትም ያሳፍራል።

ጉርሻውን ደግሞ ለሠርግሽ አቆዪው።

አብሮ አደጌ ባለፈው ሳምንት ቤት መጥቶ ነበር። ሳህኑን ሳቀርብለት ፍሬዎቹን አገላብጦ፣ «ኦቾሎኒ የሌለበቱ ነው አይደል?» አለና አራት በላ። ሳምንት ያገናኘን!