የንጋት ሐይቅ ዳርቻ ከዳቡስ ይጀምራል

ስለ ሽርሽርና ስለ ዱር አራዊት በተነሣ ቍጥር የብዙዎቻችን አሳብ የሚሄደው ወደ አዋሽ፤ ወደ ላንጋኖና ወደ ነጭ ሣር ነው። አሁን ግን በምዕራብ በኩል ሌላ ውሃ ተጨምሮልናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘውን የንጋት ሐይቅ ፈጥሯል፤ ትናንት ኮረብታ የነበረውም ዛሬ ደሴት ሆኗል። በጀልባ መንሸራሸርና ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሁሉ ዐይኑን ወደዚያ ቢጥል አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ከቆቃ ልንማር ይገባናል። በ1952 ዓ. ም. በአዋሽ ላይ ግድብ ተሠርቶ የተፈጠረው የቆቃ ሐይቅ ጉማሬ የሚኖርበት ያማረ ውሃ ሲሆን፤ ከላይ የሚወርደው ደለልና የፋብሪካ እድፍ፤ በላዩም የተንሰራፋው እንቦጭ ጎድተውታል። ጥፋቱ በአብዛኛው የመጣው ከራስጌ ነው።

ወደ ቶንጎ የሚመደብ ወጣት ሹም «ሐይቁ ከእኔ ሩቅ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከቶንጎ በስተምሥራቅ ወደ ሰሜን የሚወርደው ዳቡስ ዓባይን የሚቀላቀለው ከግድቡ በላይ ነው። በዳቡስ ራስጌ ያለው ረግረግ የጎርፉን ኃይል አብርዶ ደለሉን ያስቀራል፤ ለወፎችም መጠለያ ነው። ረግረጉ ቢታረስና ደኑ ለከሰል ቢያልቅ የአፈሩ ማረፊያ ሐይቁ ይሆናል።

ስለዚህ ከሆቴሉ በፊት አራዊቱ ይቈጠሩ፤ ረግረጉም ይከለል። የጉሙዝ፤ የበርታ፤ የማኦና የኮሞ ልጆች በጀልባ ነጂነትና በመንገድ መሪነት ይሠልጥኑ፤ አገሩን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። እንግዳ ከመጥራታችን በፊት ቤታችንን እናሰናዳ።