ጌታው የለቀቀው ቤት

አዲስ አበባ መሃል ትኬት ቆርጦ የሚገባባቸው ቤተ መንግሥቶች ዛሬ ሦስት ደርሰዋል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው ገነተ ልዑል ሙዚየም ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የቆረቆሩት ታላቁ ቤተ መንግሥት መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰፊ ክፍሉ አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፈተ። የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥት ደግሞ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኗል። ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ዘመድ የመጣበት ሰው እንግዳውን ይዞ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ አንድነት ፓርክ ነው። ቢሄድም አይፈረድበትም፤ ግቢው ያምራል፣ ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶች አሉ፣ ልጆች አይሰለቹም፣ ፎቶ ይወጣል።

እኔ ግን እንዲህ ባይ ነኝ፦ ቤተ መንግሥት ታሪኩን ሳይሸራርፍ የሚናገረው ሥልጣን ለቆት ከወጣ በኋላ ነው። ጌታው ገና ያልወጣበት ግቢ የቱንም ያህል በሩን ቢከፍት፣ የሚያሳየው ለእንግዳ የተዘጋጀውን ሳሎን ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ከገነተ ልዑል መጀመር አለበት። ታላቁን ቤተ መንግሥት ደግሞ በአካባቢው ያሉት ሙዚየሞች ሳይታከሉበት አየሁት ማለት አይቻልም።

ገነተ ልዑል ደጃፍ ላይ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ከሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና አየር ላይ ያበቃል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት እንዲቆጥር ተብሎ ነው። ከነጻነት በኋላ ማንም አላፈረሰውም። በመጨረሻው እርከን ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠችበትና ነገሩ አበቃ። እንዲህ ያለ ሹፈት ከዶማና ከአካፋ ይልቅ ዕድሜ አለው። ማፍረስ ቀላል ነበር፤ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ አስጎብኚው ቆሞ የሚያሳየው ነገር ባልኖረ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን የሰበሰበው በዚሁ ቅጥር ግቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ወታደሮቹም ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሰው ላይ ተኩስ ከፈቱ። ጭፍጨፋው ከተማውን አዳርሶ ሦስት ቀን ዘለቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባቀረበው ቁጥር መሠረት የሞተው ሰው 30 ሺህ ነው። ከበሩ ወጣ ብሎ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ለእነሱ ነው፤ በየዕለቱ በታክሲ እየዞርነው ስለምናልፍ ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

ያው ቤት ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሌላ ደም አየ። ጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ብራዚል ሄደው ሳለ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ሙከራው ሲከሽፍ አግተው ያቆዩዋቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በጥይት ፈጇቸው። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። አምስቱን የወረራ ዓመታት ሸዋ ውስጥ ከጣሊያን ጋር ሲዋደቁ ኖረው፣ ጠላት ያላገኛቸውን ጥይት የገዛ አገራቸው ሰው ግራዚያኒ ይቀመጥበት በነበረ ቤት ውስጥ አገኛቸው። እነዚህን ሁለት ቀናት አንድ ጣሪያ ስር አስቀምጦ የሚያሳይ ሌላ ቤት እኔ አላውቅም።

ጃንሆይ ከዚያ በኋላ ቤቱን አልፈለጉትም። ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ተቋቁሞ ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙ እዚያው ገቡ። ታሪኩ የተቃናው እዚህ ላይ ነው። ቤቱን የወረሰው ንጉሥም ሹምም አልነበረም፤ ተማሪ ነው። ያ ተማሪ ደግሞ አሥር ዓመት ሳይሞላ "መሬት ላራሹ" እያለ ከዚሁ ግቢ ወደ አደባባይ ወጣ። ባለርስቱ በሰጡት ቤት ውስጥ ባለርስትነትን የሚነቅፍ ትውልድ አደገ።

ሙዚየሙም ይህን ጠባይ ወርሷል። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በነገሥታት ቅደም ተከተል ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነስቶ በጉልምስናና በሥራ በኩል አልፎ እስከ ሞትና ከሞት ወዲያ። ደቡቡም ሰሜኑም፣ አርሶ አደሩም አርብቶ አደሩም በዚያ መስመር ላይ ቦታ አለው። የኮንሶ ሰዎች ለጀግኖቻቸው መቃብር የሚጠርቡት የዋካ ምስል እዚያ ቆሟል። ጥቂት እርምጃ ወረድ ሲባል የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ይመጣል፤ አልጋው፣ መታጠቢያ ክፍሉ፣ የእቴጌ መነን ክፍል። አልጋው ሰው ከሚገምተው በላይ ትንሽ ነው። አስጎብኚዎች መስተዋቱን የበሳውን የታኅሣሥ ግርግር ጥይት ያሳያሉ፤ ማንም አልለወጠውም፣ አልወለወለውምም። ከአርባ ዓመት በላይ ተፈርቶና ተከብሮ የኖረ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው የሚተኛበት ጠባብ አልጋ፣ ከገበሬው ዕቃ ጋር በአንድ ትኬት ይታያል። ይህን ዝግጅት ንጉሥ እያለበት ማን ይደፍረዋል?

አሁን ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት እንውረድ። ፍተሻው ያለቀለት ጎብኚ ከዛፍና ከአበባው ባሻገር የሚያገኘው የምኒልክን እልፍኝ፣ እንቁላል ቤቱን፣ የግብር አዳራሹንና የዙፋን ቤቱን ነው። አዳራሹ በእውነት ሊታይ የሚገባ ነው። እሑድ እሑድ ግብር ሲበላበት፣ ንጉሡ ከመጋረጃው ጀርባ ከመኳንንቱ ጋር ይቀርባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ወታደሩ በየተራው እየገባ፣ ብርንዶውን እየቆረጠ፣ ጠጁን እየጠጣ ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ይበላል። አጋፋሪው ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ወንበር ማሳሳት ማለት ጠብ መጫር ነው። ይህ ድግስ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥቱ የሚቆምበት ዘዴ ነበር። የሚበላው ሰው ጌታውን ያያል፣ ጌታውም ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ይቆጥራል።

ግን ያን ሁሉ እንጀራ የጋገረው ማነው? ጌሾውን የወቀጠው፣ ውኃውን ከወንዝ የቀዳው፣ እንጨቱን የተሸከመው? የግቢው ወፍጮ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት በመቶዎች በሚቆጠሩ ሴቶችና ወንዶች ጉልበት የሚሄድ ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። ባርነት በአዋጅ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው። በሰም የተቀረጸ የንጉሥ ምስል ሠርቶ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ጎን ለጎን እንጀራ ጋጋሪዋን ያስቀመጠ ግን እስካሁን የለም። አስጎብኚው ስለ አዳራሹ ጣሪያ፣ ስለ እንጨቱ ሥራ፣ ስለ መጀመሪያው ስልክ ብዙ ይላል። ስለ ማጀቱ ጠይቁት።

ፍትሐዊ ልሁን። ለመቶ ዓመት ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው አጮልቆ እንኳ የማያየውን ግቢ መክፈት ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁሉ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፣ አላደረጉትም። የዙፋን ቤቱ ምድር ቤትም ተከፍቷል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደርግ የንጉሡን ሹማምንት ያጎረው እዚያ ነው፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከተረሸኑት ስድሳ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ ግቢ እየወጡ ነው ወደ ከርቸሌ የተወሰዱት። ይህን ደብቀዋል ብዬ አልከስም። ክርክሬ ሌላ ነው። ምድር ቤቱ የሚተረከው "የደርግ ግፍ" ተብሎ ነው፤ የአንድ ያለፈ ክፉ መንግሥት ታሪክ ሆኖ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቅጥር ውስጥ ባለበት ሁኔታ፣ "ለምንድነው የዚህ ግቢ ባለቤት ሁሉ በተራው እስር ቤት ያስፈለገው?" የሚለው ጥያቄ ከአስጎብኚው አፍ እንዲወጣ አይጠበቅም። ለወጣቱ አስጎብኚ እንጀራው ነው፤ አልፈርድበትም።

በዚሁ ግቢ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ፤ መንገዱም ለመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተጠረገ። ጃንሆይም በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የሞቱት እዚያው ታስረው ነው። አስከሬናቸው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ከግቢው ወለል ስር ተቆፍሮ ወጣ፤ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በዓታ ከግቢው አጠገብ ናት። ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ የተቀበሩባት ስለሆነች ቤተ መንግሥቱን ያየ ሰው እሷን ሳያይ መመለስ የለበትም።

የታላቁን ቤተ መንግሥት የእስር ቤት ጥያቄ የሚመልሰው ቤት ቁልቁል መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ከጅምላ መቃብር የወጡ አጥንቶችና የራስ ቅሎች በመስታወት ውስጥ ናቸው፤ ግድግዳው በወጣቶች ፎቶ ተሞልቷል፣ ብዙዎቹ ለመታወቂያ የተነሱት ዓይነት ፎቶ። እዚያ ካሉት አስጎብኚዎች ራሳቸው ታስረው የወጡ አሉበት። አንዱ "እዚህ ላይ ገረፉኝ" እያለ የውስጥ እግሩን ሲያሳይ፣ ላይ ቤተ መንግሥት ያለው ምድር ቤት የንጉሥ ሹማምንት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይገባል። የቀይ ሽብሩ ትእዛዝ የወጣው ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ነው፤ የወረደው ግን ወደ ቀበሌ ነው። ሁለቱን ቤቶች በአንድ ቀን ያላየ ሰው የላይኛውን እንደ ትያትር፣ የታችኛውን እንደ ለቅሶ ቤት ብቻ ያያቸዋል።

የኢዮቤልዩውን ቤተ መንግሥት በአጭሩ ልለፈው፤ እድሳቱ ቆንጆ ነው፣ ዕቃው የበዛ ነው። ቤቱ የተሠራው በ1948 ዓ.ም. ለተከበረው የጃንሆይ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲሆን፣ ሰው የሚጋፋው የንጉሡን መኪኖች ለማየት ነው። አብረቅራቂዎቹን እያዩ አንድ ነገር ማስታወስ ይበጃል፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከዚህ ቤት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው መኪና ቮልስዋገን ነበር።

ሊጎበኝ የማይችል አንድ ቦታም አለ። ስድሳዎቹ የተረሸኑበት ከርቸሌ፣ በቅጽል ስሙ ዓለም በቃኝ የሚባለው፣ ዛሬ የለም፤ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። በጣሊያን ጊዜ፣ በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያም በኋላ ሰው የታጎረበት ቤት ነበር። የንጉሥ አልጋ በገመድ ታጥሮ ይጠበቃል፤ የእስረኛ ክፍል በግሬደር ይጠረጋል። ቅርስ ብለን የምናስቀምጠው ምርጫችንን ነው፣ ምርጫችንም እስካሁን ለዙፋን ያደላል። ሕንፃውን አልጠላሁትም። ቢያንስ አንድ ክፍል፣ አንድ በር እንኳ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ግን የታላቁ ቤተ መንግሥት ጉብኝት ማለቂያ እዚያ ይሆን ነበር።

ለሚጎበኝ ሰው እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ጧት በስድስት ኪሎ ጀምሩ፤ ደረጃውን፣ መኝታ ቤቱን፣ የዋካውን ምስል ተመልከቱ። ወደ ታች ስትወርዱ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ልጆች ካሉ ሉሲን ሳያሳዩ ማለፍ አይቻልም፣ ለትልልቆቹም የንጉሡ ዙፋን እዚያ ይታያል። ከምሳ በኋላ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቡ። አዳራሹ ውስጥ ሆናችሁ ስለ ማጀቱ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ሆናችሁ ስለ ጥር 26 ጠይቁ፤ የጃንሆይ አስከሬን የተገኘው በየትኛው ቤት ስር እንደሆነም ጠይቁ። በቡድኑ መሃል "እሱን በኋላ" ሊባል ይችላል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሚኬድበት መንገድ ላይ፣ ቡድኑ ሲበታተንና ፎቶ አንሺው ሲበዛ፣ ከአስጎብኚው ጎን ጎን ሂዱ። ብዙዎቹ ከተሰጣቸው ጽሑፍ በላይ ያነበቡ ልጆች ናቸው፤ የጠየቃቸው ሰው ሲያገኙ ይነግሩታል።