የአሎሎ ወርዋሪ ኃይል ከእግሩ እንደሚነሣ

ልጃቸው አሎሎ ወይም ጦር መወርወር የጀመረላቸው አባቶች የክንዱን ውፍረት እየለኩ ሲደሰቱ እናያለን። ነገሩን መርምረን ስንመለከተው ግን ክንድ የመጨረሻው መልእክተኛ ነው እንጂ የኃይሉ ባለቤት አይደለም። ለወንዶች የተወሰነው አሎሎ 7.26 ኪሎ፣ ለሴቶች የተወሰነው 4 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ክብደት የሚያስፈነጥረው ኃይል እግር መሬትን ሲገፋ ይነሣል፤ ከዚያም በጭንና በዳሌ፣ በወገብና በትከሻ አልፎ በመጨረሻ ወደ ጣት ይደርሳል። ጉግስ ሲጫወት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ እግሩን በእርካብ ያላጸና ፈረሰኛ ዘንጉን ቢወረውር ሩቅ አይሄድለትምና።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን አሜሪካዊው ፓሪ ኦብራየን ነው። በርሱ ዘመን ብዙ አሠልጣኞች ብረት ማንሣት ሰውነትን ያደርቃል፣ ፍጥነትንም ይቀንሳል እያሉ ይከለክሉ ነበር። እርሱ ግን ብረት ማንሣቱን አልተወም። ደግሞም ጀርባውን ወደሚወረውርበት አቅጣጫ አዙሮ መነሣትን ልማድ አደረገ፤ ይኸውም አሎሎው ከእጁ እስኪወጣ ድረስ የሚገፋበትን መንገድ አስረዘመለት። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በሄልሲንኪ፣ በ1956 ዓ.ም. በሜልቦርን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በመካከሉም በ1954 ዓ.ም. 18.42 ሜትር ወርውሮ 60 ጫማን ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እንግዲህ ለአካለ መጠን የደረሰ ወርዋሪ እንዴት ይለማመዳል ቢሉ፣ ብረቱን በትከሻው ተሸክሞ ቍጢጥ እያለ መነሣትን፣ ከመሬትም ብረት ማንሣትን ያስቀድማል። ከባዱን ብረት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ አንሥቶ ረዘም አድርጎ ያርፋል። ይሁን እንጂ አሎሎው ከእጅ የሚወጣበት ፍጥነት ርቀቱን ከሁሉ አብልጦ ስለሚወስን፣ ከብረቱ ጋራ መዝለልንና ከባድ ኳስ በሁለት እጅ መወርወርን ይቀላቅላል።

የልጅ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከሁሉ የምንፈራውም በዚህ ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ ገና አልጠነከረም። ጦር መወርወርን በየቀኑ ያለ ዕረፍት ሲደጋግም የክርኑ ውስጠኛ ወገን ይታመማል፤ ሕመሙን ታግሦ ቢቀጥል አጥንቱ ሊጐዳ ይችላል። አንዳንድ አባት ልጁ አመመኝ ሲለው «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብሎ ይመልሰዋል፤ እኛ ይህን ጀግንነት አንለውም። ሕመም የጀመረው ልጅ መወርወሩን ትቶ ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙ ከፈቀደለትም በዕረፍቱ ጊዜ እግሩንና ወገቡን ሊያለማምድ ይችላል። ብረት ማንሣትንም ፈጽሞ ልንከለክለው አይገባም፤ የሚያስተምረው ሰው አጠገቡ ሳለ፣ መጀመሪያ ባዶ እንጨት ይዞ አነሣሡን ይማር፤ ክብደቱም ጥቂት በጥቂት ይጨመርለት። ለልጆች የሚሰጠው አሎሎ ከትልልቆቹ ይልቅ የቀለለ ነው፤ አባትየውን ደስ ለማሰኘት ሲባል 7.26 ኪሎውን ማሸከም አያስፈልግም።