ለሕፃኑ የራሱ ድስት
በላስታ ጎረቤት በሰቆጣ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ሲገባ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ቀጠሮ ተይዟል። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና ይሸጣል፤ እናቱ ያዘለችውን ልጅ ማታ የሚጠብቀው የሽሮ ፍትፍት ነው። በጾም ወራት ይብሳል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ ባይኖርበትም፣ የጾሙ ዕቃ እንዳይነካካ ሲባል ወተቱም እንቁላሉም ይቀርበታል። እናቲቱን መውቀስ ነውር ነው፤ ሳሙናውንም የምትገዛው ለልጇ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቻዋን ከምትደክም፣ የንስሐ አባቶች ለሕፃኑ የራሱ ድስትና ሳህን እንዲለይለት ይንገሩ፤ እነሱ ሲሉት ይሰማል። ወረዳውም ለደሃው ቤት እንቁላል ጣይ ዶሮ ይስጥ፤ ተሸጦም ለልጁ የሚተርፍ እንዲኖር።