ኤራጎንን ደግሜ ሳነበው

ባለፈው ጥቅምት አንድ ተማሪያችን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብቶ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ይህን ጽሑፍ ግን ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንብቦ፣ አንድ ቦታ ላይ አርሞኝ፣ "ይውጣ" ብሎኛል። ዕድሜው 13 ነው። ቤተሰቡ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲንከራተት ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው ያደገው። ናይሮቢ ደርሶ እኛ ዘንድ ሲመዘገብ አማርኛውንም ስዋሂሊውንም እንደ ልቡ ይናገራል፤ በሁለቱም ግን አንዲት ቃል ማንበብ አይችልም ነበር። ጠዋት ከእኩዮቹ ጋር ስድስተኛ ክፍል ይቀመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉልበቱን አጥፎ ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ፊደል ይቆጥራል።

የዚያን ቀን "ተ"ን "ቀ" ብሎ ሲያነብ ከሕፃናቱ አንዷ ሳቀችበት። (ያረመኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ሁሉም እንደሳቁ አድርጌ ጽፌ ነበር፤ አንዷ ብቻ ናት አለኝ።) ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ "ቲቸር፣ እኔን ጊዜው አልፎኛል" አለኝ።

ላጽናናው ፈለግሁና አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። "ድራጎን ጋልቦ ከንጉሥ ጋር የተዋጋ ኤራጎን የሚባል ጀግና አለ። ካንተ በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ እሱም ማንበብ አይችልም ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ናቸው ያስተማሩት" አልኩት። ፊቱ ፈካ አለ። "ስንት ጊዜ ፈጀበት?" ሲል ጠየቀኝ።

አላስታወስኩም። "አንብቤ እነግርሃለሁ" ብዬ ሸኘሁት። መጽሐፉን ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና የገለጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስታውስ። "ኤራጎን" አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ የጻፈው ምናባዊ ልብ ወለድ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሦስት ተከታዮች ታትመውለት ታሪኩ በአራት መጻሕፍት ተጠናቋል። ኤራጎን ከአጎቱ ጋር በእርሻ የሚኖር የ15 ዓመት ልጅ ነው። ተራራ ላይ ሲያድን ሰማያዊ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋይ የመሰለው እንቁላል ሆኖ ይገኝና ሳፊራ የምትባል ድራጎን ትፈለፈልበታለች። የንጉሡ ሰዎች እንቁላሉን ፍለጋ መጥተው ቤቱን ያፈርሳሉ፤ አጎቱም በዚያው ጦስ ይሞታል። ልጁም ብሮም ከሚባሉ የመንደሩ ተረት ተራኪ ሽማግሌ ጋር ገዳዮቹን ፍለጋ ይወጣል።

እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፊልሙ የወጣበት ዓመት። ያኔ ገና መምህር ነበርኩ። መሀል ከተማ አስፋልት ዳር ከሚዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መካከል አገኘሁትና ለ11 ዓመት ልጄ ገዛሁላት። ማታ ማታ አንድ አንድ ምዕራፍ አብረን እናነብ ነበር። እሷ ሲደክማት እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እተርክላት ነበር፤ ድራጎኗን "ዘንዶዋ" ስላት ደግሞ ትቆጣኛለች፤ "ዘንዶ አይበርም፣ አባዬ" ትለኛለች። ሁለታችንም ወደድነው። ከዚያ ወዲህ ይህን መጽሐፍ ለስንቱ ተማሪ እንደሰጠሁ አልቆጠርኩም። ጠዋት ሰልፍ ላይም ጠቅሼዋለሁ።

አሁን ሳነበው ግን ቅር አለኝ።

ሌሎች አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ቅሬታ አለ፤ ታሪኩ ከቶልኪን መጻሕፍትና "ስታር ዋርስ" ከሚባለው ፊልም የተዋሰው በዝቷል ይላሉ። እውነት ነው፣ በዝቷል። እኔን ግን ይህ ብዙም አላስከፋኝም። ወላጅ የሌለው ልጅ፣ ምሥጢር የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ጨካኝ ንጉሥ፣ እነዚህ በእኛም ተረት ውስጥ ሞልተዋል፤ ማንም ለብቻው አልፈጠራቸውም። አርያ የምትባለው የኤልፎች ተወላጅ ከእስር ከወጣች በኋላ ራሷን ስታ ረጅም መንገድ በሰው ተሸክማ መሄዷን ግን አሁን ነው ያስተዋልኩት። ልጄ ያኔ "ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትነቃው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ከእኔ የተሻለች አንባቢ ነበረች ማለት ነው።

የከፋኝ የፈለግሁትን ቦታ ሳገኝ ነው። ብሮምና ኤራጎን ቲርም የምትባል የወደብ ከተማ ይደርሳሉ። የመርከብ ጭነት መዝገቦችን ማገላበጥ ሲያስፈልግ ልጁ ማንበብ እንደማይችል እያፈረ ይናገራል። ሽማግሌውም ሊያስተምሩት ይቀመጣሉ። በ2006 እዚህ ስደርስ ድምፄ ተቋርጦ እንደነበር አስታውሳለሁ። መምህር ነኝና በጀግንነት ታሪክ መካከል ፊደል ማስተማር ቦታ ማግኘቱ ልቤን ነክቶት ነበር። በትዝታዬ ውስጥም ረጅም ምዕራፍ ሆኖ ኖሯል።

ረጅም አይደለም። ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም። ኤራጎንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ማንበብ ይችላል።

መጽሐፉን አጠፍኩት። ያ ልጅ በዚያን ጊዜ አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር።

ነገሩን ለአንዲት ባልደረባዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። "ድራጎን ይበራል ሲልህ አምነህ፣ በሳምንት ማንበብ ቻለ ሲልህ ነው የምትቆጣው?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። መልሴ ይህ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ድራጎን ለማሳደግ የሚታገል ልጅ የለም። ማንበብ ለመቻል የሚታገል ግን አለ። የሌለ ነገር ቢያጋንኑት ማንም አይጎዳም፤ ልጅ ቀን ከሌት የሚለፋበትን ነገር ያለ ልፋት የሚገኝ አስመስሎ ማቅረብ ግን ልጁን በራሱ ላይ ያስፈርደዋል። ሰነፍ ነኝ፣ ደደብ ነኝ፣ ጊዜው አልፎኛል ያሰኘዋል።

ይልቁንም የሚያናድደው ደራሲው ዋጋ መክፈልን የማያውቅ አለመሆኑ ነው። በዚህ መጽሐፍ አስማት እንኳ በነፃ አይገኝም። አንድን ነገር በአስማት ለማድረግ በእጅ ለመሥራት የሚጠይቀውን ያህል ጉልበት ይበላል፤ ኤራጎን ከአቅሙ በላይ ከሞከረ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ግሩም ሕግ ነው፣ ዛሬም ሳነበው ወደድኩት። ታዲያ አስማት ይህን ያህል ካደከመ ፊደል እንዴት አላደከመም? የሰይፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዱላ ከመወርወር ተነስቶ በጥቂት ወራት ከመምህሩ ጋር ይስተካከላል። ልጁ የሚታገለው ከጠላት ጋር ነው እንጂ ከራሱ አለማወቅ ጋር አይደለም።

የእኛ 231 ፊደላት ይቅርና፣ እኔ ራሴ በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጬ "ሀ ሁ" ካልኩበት ቀን አንስቶ ዳዊት እስክደግም ድረስ ስንት ክረምት እንዳለፈ አውቃለሁ። ሰፈራችን ቁርዓን ቤት ይሄዱ የነበሩት ጓደኞቼም በእንጨት ሉሓቸው ላይ እየጻፉ እያጠቡ እንደዚሁ ዓመታት አሳልፈዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ እንኳ በ"ፍቅር እስከ መቃብር" በዛብህን በአንድ ገጽ ሊቅ አላደረጉትም።

ይህን ስል ግን ደራሲው ላይ ብቻ መፍረድ አልፈልግም፤ ስለ እሱ ሳነብ ሌላ ነገር አገኘሁ። ፓኦሊኒ ቤት ውስጥ በወላጆቹ እየተማረ ያደገ ልጅ ነው። መጽሐፉን የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ለመጨረስ አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት። ሲያነበው አልወደደውም፤ እንደገና ለመጻፍ ሌላ ዓመት ወሰደ። ከዚያ ደግሞ ከወላጆቹ ጋር ሲያርሙ ከረሙ። በ2002 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡ በራሱ ወጪ አሳተመው፤ ልጁም የጥንት ዘመን ልብስ ለብሶ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ እየዞረ አስተዋወቀው። ትልቅ አሳታሚ ያወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። አራት ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የለፋ ልጅ ለጀግናው ጥቂት ቀናት ብቻ መስጠቱ ይገርመኛል። ምናልባት የደከመው ሰው የሚመኘው ያንኑ ይሆናል።

መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍታችን ይውጣ አልልም። ሁለቱም ቅጂዎች መደርደሪያው ላይ አሉ፤ አንዱ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተጣብቋል፣ ይህም የሚነበብ መጽሐፍ መሆኑን ያሳያል። ሳፊራና ኤራጎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩበት ቦታ አሁንም ደስ ይላል። የተውኩት አንድ ነገር ነው፤ ያቺን የቲርም ታሪክ ለደከመው ተማሪ መድኃኒት አድርጌ አልሰጥም። ወላጆችም "የእገሌ ልጅ እኮ በሁለት ወር ጨረሰ" የሚለውን ቤት ውስጥ ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል።

ለልጁ መልስ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ዘገየሁ። አፍሬ ነው። እሱ ግን አልረሳም፤ በር ላይ ጠብቆ "ቲቸር፣ አነበቡት?" አለኝ። ቢሮ አስገብቼ እውነቱን ነገርኩት፤ ጥቂት ቀናት ይላል፣ እኔ ግን አላምንም፣ ላንተም ሳላጣራ መናገር አልነበረብኝም አልኩት።

ትንሽ አሰበ።

"ፊደላቸው ስንት ነው?"

"መጽሐፉ አይናገርም። የእንግሊዝኛው ከሆነ 26።"

ዞር ብሎ ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀና ደብተሩን አንስቶ ወደ ትንሿ ወንበር ተመለሰ።