ራሱን በራሱ ወደ ናኖ ቅንጣት የሚያዋቅር የካንሰር መድኃኒት፦ ተስፋው በምን ይመዘናል?

በኬሞቴራፒ ሕክምና ላይ የሚገኝ ታካሚ ፀጉሩ የሚረግፈው፣ አፉ የሚቆስለውና የነጭ ደም ሴሎቹ ቁጥር የሚያሽቆለቁለው መድኃኒቱ ሥራውን ስለሚሠራ ነው። አብዛኞቹ ነባር የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ይገድላሉ፤ የካንሰር ሴልን ከፀጉር ሥር፣ ከአንጀት ሽፋን ወይም ከአጥንት መቅኔ ለይተው አያውቁም። በመሆኑም ሐኪሙ የሚያዝዘው መጠን የሚወሰነው የታካሚው ሰውነት ሊሸከመው በሚችለው ልክ ነው። ጉዳቱ ሲበረታ ቀጣዩ ዙር ይዘገያል፣ መጠኑ ይቀነሳል፣ አንዳንዴም ሕክምናው ይቋረጣል። ይህን ችግር ለማቃለል ከሚደረጉ የምርምር ጥረቶች አንዱ ራሳቸውን በራሳቸው ወደ ናኖ ቅንጣት የሚያዋቅሩ ቅድመ መድኃኒቶችን የሚመለከት ነው።

ቅድመ መድኃኒት የሚባለው ወደ ሰውነት ሲገባ ኃይሉ የታሰረ፣ ከገባ በኋላ ግን በኢንዛይሞች ወይም በሌላ ኬሚካዊ ሁኔታ ተፈትቶ ሥራውን የሚጀምር መድኃኒት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ካፔሲታቢን በኪኒን መልክ ተውጦ በሰውነት ውስጥ ወደ ፍሎሮዩራሲል ይለወጣል። የካንሰር መድኃኒትን በናኖ መጠን በተዘጋጀ ተሸካሚ ማጓጓዝም ቢሆን የቆየ ነው፤ ዶክሶሩቢሲንን በስብ ከረጢት የያዘው ዶክሲል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ፓክሊታክሰልን ከአልቡሚን ፕሮቲን ጋር ያጣመረው አብራክሳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከትሏል።

የእነዚህ ተሸካሚዎች ድክመት ራሱ ተሸካሚው ነው። በብዙዎቹ የናኖ ዝግጅቶች ውስጥ ከጠቅላላው ክብደት መድኃኒቱ የሚይዘው ድርሻ ከአሥር በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ ቀሪውን ሰውነት ሊያስወግደው የሚገባ ባዕድ ቁስ ይይዘዋል። በፈረንሳይ የፓትሪክ ኩቭረር የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው ሥራ ለዚህ ሌላ መንገድ አመላክቷል። ቡድኑ ጌምሲታቢን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ስኳሊን ከተባለ ቅባታማ ውሕድ ጋር በኬሚካዊ ትስስር አጣመረ። ስኳሊን በሻርክ ጉበትና በወይራ ዘይት ውስጥ የሚገኝ፣ የሰው አካልም ኮሌስትሮል ሲሠራ በመካከል የሚያመርተው ነው። ጥምሩ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቅባታማው ክፍል ውኃውን ይሸሻል፤ ሞለኪውሎቹም ያለ ሌላ ተሸካሚ እርስ በርስ ተሰባስበው ከሰው ፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ያነሱ ቅንጣቶችን ይፈጥራሉ። በዚህ ዝግጅት የመድኃኒቱ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ከፍ ይላል። ጌምሲታቢን ብቻውን በደም ውስጥ በኢንዛይም ቶሎ የሚበላሽ በመሆኑ ጥምረቱ ከለላም ይሆነዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ማሰሪያውን መምረጥ ነው። መድኃኒቱንና ቅባታማውን ጅራት የሚያያይዘው ትስስር ደካማ ከሆነ መድኃኒቱ ገና በደም ዝውውር ላይ ሳለ ይፈታል፤ ያን ጊዜ ከተለመደው ኬሞቴራፒ ብዙም አይለይም። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ ዕጢው ውስጥ ደርሶም ሳይፈታ ይቀራል። በቻይና የሼንያንግ የመድኃኒት ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ሁለት የሰልፈር አቶሞች የተያያዙበትን ትስስር የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ይህን ትስስር የሚበጥሰው ግሉታታዮን የተባለው ውሕድ በሴል ውስጥ ያለው ክምችት ከሴል ውጭ ካለው እስከ ሺህ እጥፍ ይደርሳልና፣ ማሰሪያው በደም ውስጥ ጸንቶ በሴል ውስጥ እንዲፈታ ይጠበቃል።

ያም ሆኖ በዚህ ዘርፍ የተገኘው አብዛኛው ማስረጃ ከቤተ ሙከራና ከአይጦች የመጣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የናኖ መድኃኒት ተስፋ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986 ጃፓናውያኑ ማትሱሙራና ማኤዳ ባሳተሙት ግኝት ላይ ነው፤ የዕጢ የደም ሥሮች ቀዳዳቸው ሰፋ ያለ በመሆኑ ትልልቅ ሞለኪውሎች በዚያ ሾልከው ዕጢው ውስጥ ይከማቻሉ። ነገር ግን በአይጥ ላይ በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ በሰው ላይ ዓመታት ከፈጀ ዕጢ ጋር አንድ አይደለም። በአይጦች ላይ እንኳ ቢሆን፣ የአሥር ዓመት ጥናቶችን የገመገመው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳወቀው፣ ከተሰጠው የናኖ ቅንጣት መጠን ዕጢው ጋር የሚደርሰው መካከለኛ ድርሻ 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ከቀሪው ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል።

የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የሆኑት ማርክ ዴቪስ ወደዚህ ምርምር የገቡት ባለቤታቸው በጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ሳሉ ያዩት ሥቃይ ስለገፋፋቸው ነው። ካምፕቶቴሲን የተባለውን መድኃኒት ከፖሊመር ጋር ተጣምሮ ራሱን ወደ ናኖ ቅንጣት እንዲያዋቅር አደረጉ፤ ዝግጅቱም በሰው ላይ እስከ መሞከር ደረሰ። ሆኖም በኩላሊት ካንሰር ታማሚዎች ላይ በተደረገው የሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ውጤት አላሳየም። እንዲህ ያለው ውጤት በዜና እምብዛም አይነገርም፤ የአይጡ ስኬት ግን በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል።

እስካሁን የተፈቀዱት የናኖ መድኃኒቶች ትልቁ ጥቅም የታየው ጉዳት በመቀነስ ረገድ ነው። ዶክሲል በጡት ካንሰር ላይ ከተለመደው ዶክሶሩቢሲን ጋር ተቀራራቢ ውጤት እያሳየ በልብ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በእጅጉ ቀንሷል፤ በአንጻሩ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ መቁሰልን አብዝቷል። ዕድሜን በማራዘም ረገድ እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደውና በስብ ከረጢት የተዘጋጀው አይሪኖቴካን፣ ከፍሎሮዩራሲልና ከሉኮቮሪን ጋር ሲሰጥ በተስፋፋ የጣፊያ አጎራባች ዕጢ፣ ማለትም የፓንክሪያስ ካንሰር ላይ መካከለኛውን የሕይወት ዘመን ከ4.2 ወደ 6.1 ወር አሳድጓል። ስለሆነም ማንኛውም ታካሚ በሐኪም የታዘዘለትን ሕክምና ገና በምርምር ላይ ያለ መድኃኒትን በመጠበቅ ማቋረጥ አይኖርበትም። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙት ዶክሶሩቢሲን፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ፓክሊታክሰል ዛሬም በጊዜ ለተገኘ የጡት ካንሰር ፈዋሽነታቸው የተረጋገጠ ነው።

እንደ ኢትዮጵያ የካንሰር መድኃኒትን ከውጭ ለሚያስገቡ አገሮች ግን የአዲሱ ዝግጅት ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ጎን አሠራሩ ቀላል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዶክሲልን ያመርት የነበረው አንድ ፋብሪካ ሥራ ሲያቆም በአሜሪካ ሳይቀር ታካሚዎች መድኃኒቱን አጥተዋል። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ አካል በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳዩ ከሕንድ እንዲገባ በጊዜያዊነት ፈቀደ፤ የመጀመሪያው አቻ መድኃኒት የጸደቀው ዶክሲል ከተፈቀደ ከ18 ዓመታት ገደማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የስብ ከረጢቱን አስመስሎ መሥራት መድኃኒቱን ከመሥራት ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር። በአልኮል ሟሙቶ ውኃ ውስጥ በመንጠባጠብ ብቻ ቅንጣት የሚሆን ቅድመ መድኃኒት በሰው ላይ ከተሳካ፣ የቅንጣቱ መጠንና ጽናት በየምርት ዙሩ እኩል መሆኑን ማረጋገጥ የሚችሉ ብዙ ፋብሪካዎች ሊያመርቱት ይችላሉ።