«የመጨረሻ ሰው» የሚባል ሕግ የለም

«የመጨረሻ ሰው ነበር፣ ቀይ ነው!»
«ኳሷን ነክቷታል እኮ፣ ምኑ ነው ፋውሉ?»
«እጁን ነካው፣ ሪጎሬ!»

እነዚህ ሦስት ፍርዶች በየሳምንቱ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ይሰጣሉ። ደጋፊው ቢሰጣቸው አይገርምም፤ ስሜት ነው። የሚገርመው ማይክ የጨበጠው የስፖርት ተንታኝም ያንኑ ደግሞ፣ ያውም «ሕጉ እንደሚለው» ብሎ ጀምሮ መናገሩ ነው። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው ኢፋብ የተባለው ቦርድ ነው፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ሕጎቹ 17 ብቻ ናቸው። ስልክ ላይ በነፃ ይጫናሉ። በእግር ኳስ እንጀራውን ለሚበላ ሰው 17 ሕግ ማንበብ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ሦስቱ ፍርዶች ከመጽሐፉ ጋር ይመሳከሩ።

«የመጨረሻ ሰው» የሚል ቃል ሕጉ ውስጥ የለም። ሕግ 12 የሚጠይቀው «ግልጽ የሆነ የግብ ዕድል ተበላሽቷል ወይ?» ብሎ ነው። ዳኛው አራት ነገር ይመዝናል፦ ጥፋቱ ከግቡ ምን ያህል ይርቃል? ጨዋታው ወዴት እያመራ ነበር? አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሌሎቹ ተከላካዮች ስንት ናቸው፣ የት ቆመዋል? ኳሱን ይዞ ወደ ማዕዘን የሚሮጥን አጥቂ የጠለፈ ተከላካይ የመጨረሻው ሰው ቢሆንም ቢጫ ብቻ ሊያይ ይችላል። ከኋላው ሌላ ተከላካይ እያለም፣ ያ ሰው የማይደርስበት ርቀት ላይ ከሆነ፣ ቀይ ሊመዘዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ኳሱን ለማግኘት ሞክሮ ያጠፋ ተከላካይ ቅጣቱ ፍፁም ቅጣት ምትና ቢጫ ካርድ ነው። ደጋፊው «ዳኛው ቀይ ለመምዘዝ ፈራ» ይላል። ዳኛው የፈራው ሕጉን ነው።

ኳስ መንካትም ነፃ አያወጣም። ሕጉ የሚመዝነው ተጫዋቹ ወደ ተጋጣሚው የገባበትን መንገድ ነው፦ በግዴለሽነት ነው፣ አደጋውን ንቆ ነው ወይስ ከልክ ባለፈ ኃይል? ኳሱን ቀድሞ ነክቶ የሰው ቁርጭምጭሚት የሰበረ ቀይ ሊያይ ይችላል።

እጅም እንዲሁ። ኳስ እጅ ስለነካ ብቻ ጥፋት አይሆንም። ሆን ተብሎ መሆን አለበት፤ አለዚያም ተጫዋቹ እጁን ከእንቅስቃሴው ጋር በማይሄድ መንገድ ዘርግቶ ሰውነቱን ያሰፋ መሆን አለበት። ግብ ያስቆጠረው ሰው ሲሆን ሕጉ ይጠብቃል፦ ሳያውቅም ቢሆን ኳሱ በእጁ ከገባ፣ ወይም እጁን ነክቶ ወዲያው ካገባ፣ ግቡ ይሰረዛል። የቡድን ጓደኛው እጅ ሳይታወቅ ቢነካና እሱ ቢያገባ ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግቡ ይጸናል። ሁለት የሚመሳሰሉ ንክኪዎች፣ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች፤ ሁለቱም ትክክል። ይህን የማያውቅ ተንታኝ «ትናንት ሽሮ ዛሬ አጸደቀ» እያለ አድማጩን በዳኛ ላይ ያስነሳል።

በዚህ ረገድ የአውሮፓውም ተንታኝ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ቫን ኒስተልሮይ ጣሊያን ላይ ሲያስቆጥር ብዙዎች «ኦፍሳይድ!» ብለው ጮኹ። የጣሊያኑ ተከላካይ ፓኑቺ ግን ከራሱ በረኛ ጋር ተጋጭቶ ከግቡ መስመር ውጪ ወድቆ ነበር። እንዲህ ያለ ተከላካይ መስመሩ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ስዊድናዊው ዳኛ ግቡን አጸደቀ፣ ዩኤፋም ትክክል ነው አለ።

«ዳኞችስ አይሳሳቱም? አያዳሉም?» የሚል ይኖራል። ይሳሳታሉ፤ የሚያዳላም አይጠፋም። ሕጉን ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። በእያንዳንዱ ፊሽካ «ተበላን» የሚል ሰው በእውነት የተበላ ቀን የሚሰማው የለም። ለአጭበርባሪ ዳኛ ከዚህ ጩኸት የተሻለ መደበቂያ አይገኝለትም።

ሕጉ ራሱ አልበቃ ያለበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሱዋሬዝ የጋናን ግብ በእጁ ሲመልስ ዳኛው በሕጉ ያለውን ሁሉ ሰጠ፦ ቀይ ካርድና ፍፁም ቅጣት ምት። ጂያን ብረቱን መታ፤ ጋናም በመለያ ምት ተሸንፋ ወጣች። ያ ቅጣት በቂ ነው ወይ ብሎ ሕግ አውጪዎቹን መሞገት ይቻላል። ዳኛው ግን ምንም አልበደለም።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ 2010 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ዳኛ ሜዳ ላይ ተደብድቦ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል። ባምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ፣ ሊዲያ ታፈሰ ለ2019ኙ የሴቶች ዓለም ዋንጫ የተመረጡት ከዚህችው አገር ነው። ዓለም የሚያምናቸውን ዳኞች ያፈራች አገር፣ በየሳምንቱ «ሌባ» እየተባለ ወደ ሜዳ የሚገባ ወጣት ዳኛ ቀጥላ ታፈራለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። እናት የምትሰደብበትን ሥራ ማን ይመርጣል?

መፍትሔው ውድ አይደለም። የሬዲዮ ጣቢያዎች ከጨዋታ በኋላ አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ለአሥር ደቂቃ ያስቀምጡ። ፌዴሬሽኑ ሕግ በተለወጠ ቁጥር ጋዜጠኞችን ጠርቶ ያስረዳ። በረኛ ኳስ በእጁ ይዞ የሚቆይበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ስምንት ሰከንድ ሆኗል፤ ካለፈም ቅጣቱ የማዕዘን ምት ነው። ዛሬም «ስድስት ሰከንድ» የሚል ተንታኝ የያዘው አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ያውም መጽሐፍ ከያዘ።

ደጋፊውም ከካታንጋ እስከ ጥላ ፎቅ ፊሽካ ሲነፋ አስቀድሞ «ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቅ። ስድቡ በኋላም ይደርሳል።